ትልቅ ብዕር ትልቅ ይጽፋልን?

አንባቢ ሆይ! በኮትዎ የደረት ኪስ ብዕር ሰክተው ወደ መሥሪያ ቤት የሚገቡ ከሆነ፥ ብዕሩ ገና ሳይጽፍ መናገር እንደሚጀምር ሳያስተውሉ አልቀሩም። ክዳኑ የሚያብረቀርቅ እንደ ሆነ ባለጕዳዩ በአክብሮት ይመለከታል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ሰፊ የወርቅ ምላስ ብቅ ሲል ደግሞ «ይህስ የዲሬክተር ብዕር ነው» ይባላል። የእጅ ስልክና ኮምፒዩተር የጽሕፈቱን ሥራ ከእጃችን እየወሰዱት ባሉበት በዛሬው ጊዜ እንኳ፥ ውል በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ብዕር ክብሩን አላጣም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ባለ ትልቅ ምላስ ብዕሮች ነው። ዋናው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የብዕሩ ምላስ መጠን ሌላ፥ የሚጽፈው መስመር መጠን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ለማይጠቅመው ነገር ገንዘቡን ያወጣል፤ ከዚህም የሚብሰው፥ የጻፈው ጽሑፍ በትክክል ሳይነበብለት መቅረቱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ወርቁ አይጽፍም

በመጀመሪያ የብዕሩን ብልቶች እንለይ። ቀለም የሚሞላውን ብዕር ክዳኑን ስናነሣ ከፊት የሚታየውን የብረት ወይም የወርቅ ቅጠል በዚህ ጽሑፍ «ምላስ» እንበለው። ምላሱ ከወገቡ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ በቀጭን ስንጥቅ ለሁለት ተከፍሏል፤ በስንጥቁም ራስ ላይ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከምላሱ ሥር ተጣብቆ የሚታየው ጥቁር ቁራጭ ደግሞ መጋቢው ነው። ቀለሙን ከማጠራቀሚያው ተቀብሎ ወደ ስንጥቁ ያደርሳል፤ በወጣው ቀለም ፈንታም አየር ወደ ውስጥ ያስገባል።

አሁን ዓይንዎን ወደ ምላሱ ጫፍ መልሰው አጥብቀው ይመልከቱ። እዚያ እንደ አሸዋ ቅንጣት ያለች ድቡልቡል ነገር ያያሉ። ይህች ቅንጣት ወርቅ አይደለችም። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታሽ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በ1834 ጆን አይዛክ ሆኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈልሳፊ ከኢሪዲየም ወገን የሆነ እጅግ ጠንካራ ማዕድን በወርቁ ጫፍ ላይ የማጣበቅን ዘዴ አገኘ። ዛሬም ሩቴኒየምን፥ ኦስሚየምንና ቱንግስተንን ከመሳሰሉ ማዕድናት የተቀመመች ቅንጣት በምላሱ ጫፍ ላይ ትበየዳለች። ወረቀቱን የምትነካው እርሷ ብቻ ናት። ወርቁ ይሸከማታል እንጂ አይጽፍም።

እንግዲህ ምላሱ የጣት ጥፍር የሚያህል ይሁን ወይም አውራ ጣት የሚያህል፥ ቅንጣቷ ደቃቅ ከሆነች መስመሩም ደቃቅ ነው፤ ቅንጣቷ ከወፈረች መስመሩ ይወፍራል። ፋብሪካዎች ያንኑ አንድ ምላስ በቀጭን፥ በመካከለኛና በወፍራም ጫፍ የሚያዘጋጁት ስለዚህ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ነገር በተጠራጠሩ ጊዜ የማሳያቸው በጠመኔ ነው። ሙሉውን ጠመኔና የተሰበረውን ቁራጭ በየተራ አንሥቼ በሰሌዳው ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ ሁለቱም መስመሮች እኩል ናቸው። ቁራጩን አጋድሜ በጐኑ ስስበው ግን መስመሩ ጣት ያህል ይሰፋል። ልዩነቱን ያመጣው ሰሌዳውን የሚነካው ወገን ስፋት ነው፤ የጠመኔው ርዝመት ምንም አላደረገም።

«ታዲያ ወርቁ ለምን ተፈለገ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ከተማ በርሚንግሃም የአረብ ብረት የብዕር ምላስ በብዛት ትሠራ ነበር። የዚያ ዘመን ቀለም ግን ከብረትና ከዛፍ እባጭ የተቀመመ፥ አሲድነት ያለው ስለነበረ ብረቱን ይበላው ነበር። ወርቅ በዚህ ቀለም አይበላም፥ አይዝግም። ስለዚህ ወርቁ መጀመሪያ የገባው ለጌጥ ሳይሆን ለመድኃኒት ነው። የማይዝግ ብረት ከተገኘ በኋላ ይህ አስገዳጅነት ቀርቷል፤ ጥሩ የብረት ምላስ ዛሬ ከወርቁ ባልተናነሰ ሁኔታ ይጽፋል። በምላሱ ላይ 585 የሚል ቍጥር ቢያገኙ ከሺህ እጅ 585ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ ይህም 14 ካራት የሚባለው ነው። 750 የሚል ከሆነ ደግሞ 18 ካራት ነው።

ግዙፎቹ እንዴት መጡ?

ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚዞር ብዕር ለመሥራት ብዙዎች ደክመዋል። ፔትራኬ ፖዬናሩ የተባለ ሮማንያዊ ተማሪ በ1827 በፓሪስ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ችግሩ ግን ቀለሙ አንድ ጊዜ እምቢ ማለቱ፥ ሌላ ጊዜ መዘርገፉ ነበር። ጠርሙስ ዘቅዝቀው ውኃ ሲያፈሱ ውኃው ወጣ ቆም፥ ወጣ ቆም እያለ እንደሚፈስ ያውቃሉ፤ አየር ካልተተካለት አይወጣምና። በ1884 ሉዊስ ዋተርማን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በመጋቢው ላይ ቀጫጭን ቦዮችን በመቅደድ፥ ቀለሙ ሲወጣ አየሩ በልክ የሚገባበትን መንገድ አበጀ። ብዕር ከኪስ የሚወጣ የታመነ መሣሪያ መሆን የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው።

ብዕሩ ከታመነ በኋላ የመጠን ውድድር መጣ። በ1921 የአሜሪካው የፓርከር ኩባንያ «ዱዎፎልድ» የተባለውን ትልቅ ብዕር አወጣ። የዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ብዕሮች ጥቍር ሲሆኑ ይህ ግን ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነበር። ዋጋው 7 ዶላር ነበረ፤ ይህም ከተራ ብዕር ዋጋ እጅግ የራቀ ነው። ኩባንያው ለምላሱ የ25 ዓመት ዋስትና ሰጠ፤ ገዢውም እጁን ዘረጋ። ሰው ለጽሕፈቱ ብቻ ሳይሆን ለሚታየው ግዝፈትና ቀለምም እንደሚከፍል የብዕር ነጋዴዎች ሁሉ ከዚህ ተማሩ።

ከጀርመን አገር የመጣው ግዙፍ በ1952 በሐምቡርግ የሞንብላን ፋብሪካ ያወጣው «149» ነው። ቍጥሩ ትርጕም አለው፤ 1 የፋብሪካውን ከፍተኛ ማዕርግ፥ 4 በፒስተን ቀለም የሚስብ መሆኑን፥ 9 ደግሞ የምላሱን መጠን ያመለክታል። ታናሹ «146» የሚባለውም ምላሱ ቍጥር 6 ስለሆነ ነው። በምላሱ ላይ 4810 የሚል ቍጥር ተቀርጾበታል፤ ይህም ስሙን የሰጠው የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። ሌላው የጀርመን ፋብሪካ ፔሊካን ደግሞ በ1997 «ኤም 1000» የተባለውን ትልቁን ብዕሩን አወጣ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጃፓን ነው። በ1918 የተቋቋመው የፓይለት ኩባንያ ናሚኪ በሚለው ስም «ኤምፐረር» ማለት ንጉሠ ነገሥት የተባለውን ብዕር ይሠራል። ምላሱ «ቍጥር 50» ይባላል፤ ባለ 18 ካራት ሲሆን ስፋቱ በሌላ ብዕር ላይ ከለመድነው ሁሉ ይበልጣል። ገላው ኤቦናይት ከተባለው ጠንካራ ጐማ ተሠርቶ ከዛፍ በሚፈስ ሙጫ በብዙ ድርብ ይቀባል። ከዚያም በላዩ በወርቅ ዱቄት ሥዕል ይሣልበታል፤ ጃፓኖች ይህን ጥበብ ማኪኤ ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የሐምቡርጉ ቍጥር 9 እና የጃፓኑ ቍጥር 50 በአንድ ሚዛን የተመዘኑ አይደሉም። እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ቍጥር ይጠራል። ስለዚህ «ቍጥሩ ትልቅ ነው» ብሎ የሚያሻሽጥ ነጋዴ ሲገጥምዎ፥ የየትኛው ፋብሪካ ቍጥር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ትልቁ ምላስ ምን ይሰጣል?

ትልቅ ምላስ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሚሰጠው ጥቅም አለ።

አንደኛው መተጣጠፍ ነው። በምሕንድስና እንደሚታወቀው፥ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ቀጭን ሉህ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ፥ ውፍረቱና ስፋቱ ካልተለወጠ፥ በስምንት እጥፍ በቀለለ ኀይል ይጐብጣል። ረጅም ምላስም እንዲሁ እጅ ጫን ሲለው ስንጥቁ በመጠኑ ይከፈትና መስመሩ ይሰፋል፤ እጁ ሲለቀው መልሶ ይጠባል። ለዚህ ለጋ ነገር እጁ የለመደ ሰው ሌላ ብዕር አይጥመውም። ይሁን እንጂ የሉሁ ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ግትርነቱም በስምንት እጥፍ ይጨምራል። ብዙ ፋብሪካዎች ትልቁን ምላስ በዚያው ልክ ስለሚያወፍሩት፥ ግዙፍ ሆኖ ሳለ እንደ ምስማር የማይነቃነቅ ብዕር ጥቂት አይደለም። ግትርነቱም ቢሆን ጥቅም ነበረው፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በወረቀቶች መካከል ካርቦን አስገብተው ሁለትና ሦስት ቅጂ በሚያወጡበት ዘመን፥ ተጫኑት የማይል ለጋ ምላስ ለሥራው አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው የቀለሙ ብዛት ነው። ትልቅ ምላስ ትልቅ መጋቢ ይጠይቃል፤ ትልቅ መጋቢ ወፍራም ገላ ይጠይቃል፤ በወፍራም ገላ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቀለም ይገባል። ረጅም ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው አያያዙ ነው። ቀጭን ብዕር የሚጽፍ ሰው ብዕሩ እንዳያመልጠው ጣቱን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ጣቱም ይዝላል። ወፍራሙ ግን በእጅ ውስጥ አርፎ ይቀመጣል። ነገር ግን ይህ እንደ እጁ መጠን ነው። ለትልቅ መዳፍ የተመቸው ለትንሽ መዳፍ ሸክም ይሆናል።

ከደጋ ሰው የማይሰወር ነገር

ትልቅ ብዕር ትልቅ ሆድ አለው ብያለሁ። ሆዱ በቀለም ሲጎድል በምትኩ የሚገባው አየር ነው፤ አየር ደግሞ እንደ ቀለም ባለበት አይረጋም። ሲሞቅ ይነፋል፤ የውጭው የአየር ግፊት ሲቀንስም ይነፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከጅቡቲ ግማሽ የጐደለ ብዕር በኪሱ ሰክቶ የሚመጣ መንገደኛ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ በብዕሩ ውስጥ የተዘጋው አየር በሲሶ ያህል ሊነፋ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ቀለሙን ወደ ክዳኑ፥ አልፎም ወደ ሸሚዙ ይገፋዋል። ሆዱ ትልቅ በሆነ መጠን አየሩም ብዙ ነውና ጉዳቱ ይብሳል።

ጃፓኖች ለዚህ መላ አበጅተዋል። በኤምፐረሩ ጭራ ላይ ያለችውን እጀታ አጥብቀው ሲያዞሯት፥ በውስጡ ያለው ዘንግ የቀለሙን መውጫ ይደፍነዋል፤ ሊጽፉ ሲሉ ጥቂት ያላሏታል። ይህ ብልሃት የሌለው ብዕር የያዘ ሰው ግን ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ብዕሩን ወይ ጢም አድርጎ ይሙላው፥ ወይ ጨርሶ ባዶ ያድርገው፤ ምላሱንም ወደ ላይ አቁሞ ይያዘው።

ትንንሾቹም ታሪክ አላቸው

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። ዱዎፎልድን ያወጣው ያው የፓርከር ኩባንያ በ1941 «ፓርከር 51» የተባለውን ብዕር ለገበያ አቀረበ። የዚህ ብዕር የወርቅ ምላስ ከጫፉ በቀር ሙሉ በሙሉ በገላው ተሸፍኗል። ምክንያቱም የተሠራለት ቀለም በወረቀት ላይ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ የተቀመመ ነበርና፥ ምላሱ በአየር ቢገለጥ በራሱ ላይ ይደርቅበት ነበር። ምላሱን የደበቀው ይህ ብዕር በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ብዕሮች አንዱ ሆነ። በአገራችን አዛውንት ጸሐፊዎች ዘንድም የፓርከር ስም የታወቀ ነው።

በመስከረም 2 ቀን 1945 ጃፓን በሚዙሪ የጦር መርከብ ላይ እጅዋን ስትሰጥ፥ ጄኔራል ማክአርተር ሰነዱን የፈረሙት በአንድ ብዕር ሳይሆን ብዕር እየለዋወጡ ነው። የመጀመሪያውን ከኋላቸው ለቆሙት ለጄኔራል ዌይንራይት፥ ሁለተኛውን ለጄኔራል ፐርሲቫል ሰጡ። ከብዕሮቹም መካከል አንዱ የባለቤታቸው የነበረ ቀይ ፓርከር ነበር። ያን ታላቅ ጦርነት የዘጋው ፊርማ ከየትኛው ብዕር እንደ ፈለቀ ሰነዱን የሚያይ ሰው በዓይኑ ሊለይ አይችልም።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ሰፊ መስመር ከሚጽፉት ብዕሮች አንዱ ርካሽ የፕላስቲክ ብዕር ነው። ይኸውም የኤምፐረር ሠሪ የሆነው ፓይለት ራሱ «ፓራለል» እያለ የሚሸጠው ነው። ወርቅ የለውም፤ ምላሱ ሁለት ዝርግ የብረት ሉሆች ጐን ለጐን ተጋጥመው የተሠራ ነው። ከ1.5 ሚሊሜትር አንሥቶ እስከ 6 ሚሊሜትር የሚሰፋ መስመር ይጽፋል። ንጉሠ ነገሥቱ በቀጭን ጫፍ ከታዘዘ ግን የሚጽፈው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ብዕሮች፥ ትልቁ ትንሽ ሲጽፍ ትንሹ ትልቅ ይጽፋል!

የቁም ጸሐፊው ያውቀው ነበር

ይህ ምስጢር ለአባቶቻችን አዲስ አልነበረም። ብራና የሚጽፍ የቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ወይም ከሸንበቆ ይቀርጻል፤ ለጥቍሩ ቀለም አንድ፥ ለቀዩ ሌላ ያዘጋጃል። ጕልሕ ጽሕፈት ሊጽፍ ሲፈልግ የመቃውን አፍ ሰፋ አድርጎ ይቈርጠዋል፤ ረቂቅ ጽሕፈት ሲፈልግ ያጠበዋል። የመቃው ርዝመት ከቁም ነገር አይገባም። ቁም ነገሩ አፉ ነው። በብራናው ላይ የምናየው የፊደል ግርማ፥ ማለት ቋሚው ወፍሮ አግዳሚው የሚቀጥንበት ውበት፥ የተገኘው ከዚህ ከተቈረጠው አፍ ነው።

እኛም ፊደላችንን ስንጽፍ ከእነርሱ የምንማረው አለ። ፊደላችን ጥቃቅን ምልክት የሚበዛበት ነው። ሊ እና ሌ የሚለዩት በእግራቸው ጫፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጥያ አለው፥ ሁለተኛው ቀለበት አለው። ነ እና ኘ፥ ተ እና ቸ የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለ አንድ ሰረዝ ነው። በጠባብ መስመር ደብተር ላይ በወፍራም ጫፍ የጻፍን እንደ ሆነ ቀለበቱ በቀለም ይደፈናል፥ ሰረዙም ከራሱ ጋር ይቀላቀላል። «ሌሊት» የጻፍነው «ሊሊት» ይሆናል። በተማሪ የፈተና ወረቀት ላይ ይህ ማርክ ያስቀንሳል። በመዝገብ ቤት ሲሆን ግን የባሰ ነው። የአንድ ሰው ስም በአንድ ቀለበት መደፈን ምክንያት በአንዱ ፋይል በአንድ ዓይነት፥ በሌላው ፋይል በሌላ ዓይነት ሊነበብ ይችላል። ባለስሙም ጡረታውን ወይም የቤት ካርታውን ሊያስፈጽም በመጣ ጊዜ «አንተ እርሱ ለመሆንህ ምን ማስረጃ አለህ?» ተብሎ ይመላለሳል። የዚህን ሰው እንግልት ያመጣው ምናልባት የብዕር ጫፍ ነው።

ሲገዙ እንዴት ይምረጡ?

ብዕር ለመግዛት ወደ ሱቅ ሲገቡ ምላሱን ከማድነቅዎ በፊት ብዕሩን ቀለም አስነክረው ይሞክሩት፤ ወረቀቱንም ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። የሱቁ ወረቀት ምርጥ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ቀለም የሚመጥ ነው። በዚያ ላይ «ሌሊት» ብለው በተለመደው የእጅ ጽሑፍዎ መጠን ይጻፉ። ቀለበቱ ክፍት ሆኖ ከታየ ጫፉ ይስማማዎታል፤ ከተደፈነ ምላሱ ቢያምርም ለዕለት ሥራዎ አይሆንምና ቀጠን ያለ ጫፍ ያስመጡ። ከዚያም ቢያንስ አንድ አንቀጽ ያህል ጽፈው ጣትዎ መዛል አለመዛሉን ይመልከቱ። በመጨረሻም ብዕሩን ገልብጠው ጀርባውን አይተው፥ ምላሱና መጋቢው ሳይዛነፉ መግጠማቸውን፥ የስንጥቁም ሁለት ወገኖች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ለሠርግ ጥሪ፥ ለምስክር ወረቀት፥ ለርእስ የሚሆን ጽሕፈት ከፈለጉ ደግሞ ሰፊና ዝርግ አፍ ያለውን ይምረጡ፤ የብራናውን ግርማ የሚሰጥዎ እርሱ ነው። ለዚህም የወር ደመወዝ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ገንዘቡ ያለውና ጥበቡን የሚወድ ሰው ትልቁን የወርቅ ምላስ ቢገዛ ደስ ይበለው እንጂ የሚነቅፈው የለም። ከጀርመኑና ከጃፓኑ ሠራተኛ እጅ የወጣ ድንቅ ሥራ ነውና። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣትና ተማሪ ግን በእርሱ ሊያፍር አይገባም። ያ የተፈረመው ደብዳቤ፥ ያ የተሞላው ቅጽ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ቆይቶ አንድ ቀን ሲወጣ፥ የሚያነበው ሰው ብዕሩን አያየውም። የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው።